ኦስትሪያ-ሃንጋሪን ማን ገደላት? የቋንቋ ጠብ ወይስ የዱቄት እጦት

አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉትን፣ የአንዲት ሴት ምስል ያለበትን ገንዘብ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፡፡ ሴትዮዋ ማሪያ ትሬዛ ናቸው፤ ከ1740 እስከ 1780 ድረስ ቪየና ላይ ተቀምጠው የሃብስበርግ ቤተሰብን ግዛት ያስተዳደሩ ንግሥት፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡) ንግሥቲቱ ካረፉ በኋላም ገንዘቡ የሞቱበትን ዓመት 1780ን እንደያዘ መታተሙን ቀጠለ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በእኛ ገበያ ከመቶ ዓመት በላይ ሲገዛና ሲሸጥበት ኖረ፡፡ ገንዘቡን ያህል ገንዘቡ የወጣበትን መንግሥት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፡፡ የተማረውም ሰው ቢሆን "ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ለምን ፈረሰች?" ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ "ብዙ ብሔረሰብ ስለነበራት ነዋ!"

እኔ በዚህ መልስ አልስማማም፡፡ ኦስትሪያ-ሃንጋሪ በብሔረሰቦቿ ጭቅጭቅ ለረጅም ጊዜ ታማለች፤ ይህን የሚክድ የለም፡፡ የሞተችው ግን መሪዎቿ ራሳቸው በመረጡት ጦርነትና ጦርነቱ ባመጣው ረሃብ ነው፡፡ በሽታውና የሞቱ ምክንያት የተለያዩ መሆናቸውን ለማሳየት ከ1848 ጀምሬ እስከ 1918 ያለውን ታሪክ በአጭሩ ልተርክ፡፡

አንድ ራስ፣ ሁለት ዘውድ

በ1848 አብዮት ከፓሪስ ተነሥቶ አውሮፓን ሲያዳርስ ለቪየናም አልቀረላትም፡፡ ለአርባ ዓመት ያህል የግዛቱን የውጭ ፖለቲካ በእጃቸው ይዘው የኖሩት ሜተርኒክ ማርች 13 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀው ወደ እንግሊዝ ሸሹ፡፡ ሃንጋሪዎች ላዮሽ ኮሹትን ከመሪዎቻቸው አንዱ አድርገው የራሳቸውን መንግሥት አቆሙ፡፡ በዲሴምበር ወር ዙፋን ላይ የወጡት የ18 ዓመቱ ፍራንዝ ዮሴፍ ሃንጋሪን ብቻቸውን ማንበርከክ ስላቃታቸው የሩሲያውን ዛር ጦር ጠርተው በ1849 አመፁን ደመሰሱት፡፡ ኦክቶበር 6 ቀን አራድ በተባለችው ከተማ 13 የሃንጋሪ ጄኔራሎች ተገደሉ፡፡ ሃንጋሪዎች ይህን ቀን እስከ ዛሬ ድረስ ያስቡታል፡፡

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የሽንፈት ናቸው፡፡ በ1859 ሶልፌሪኖ ላይ በፈረንሳይና በፒዬድሞንት ጦር ተሸነፉ፡፡ (ቀይ መስቀል የተወለደው የስዊሱ ነጋዴ ሄንሪ ዱናንት በዚህ ውጊያ ማግሥት ካየው የቁስለኞች መከራ መሆኑን እግረ መንገዴን ላስታውስ፡፡) ጁላይ 3 ቀን 1866 ደግሞ ፕሩሲያ ኮኒግራትዝ ላይ ድል ነሣቻቸው፡፡ ከጀርመን ፖለቲካ ተገፍቶ የወጣው፣ ካዝናውም የተራቆተው የቪየና ቤተ መንግሥት የሃንጋሪን መኳንንት ሳይዝ መኖር እንደማይችል ገባው፡፡ የ1867ቱ ስምምነት የተደረሰውም ያኔ ነው፡፡

ስምምነቱ ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያየው እንግዳ ነገር ነው፡፡ አንዱ ፍራንዝ ዮሴፍ ለቪየና ንጉሠ ነገሥት፣ ለሃንጋሪ ንጉሥ ሆኑ፡፡ ሁለት ፓርላማ፣ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሁለት ዓይነት የዜግነት ሕግ ተደራጀ፡፡ በጋራ የተያዙት ሦስት ሚኒስቴሮች ብቻ ነበሩ፤ የውጭ ጉዳይ፣ የጦር፣ እንዲሁም የእነዚህኑ የሁለቱን ወጪ የሚሸፍነው የገንዘብ ሚኒስቴር፡፡ የንግድና የቀረጥ ውሉ በየአሥር ዓመቱ እንደ አዲስ ድርድር ይደረግበታል፡፡ በየአሥር ዓመቱም "ዘንድሮስ አለቀላት" የሚል ወሬ ይናፈሳል፤ በየአሥር ዓመቱም እየተጨቃጨቁ ይፈራረማሉ፡፡

የስምምነቱ ትልቁ ጉድለት ይህ ውስብስብነቱ አይደለም፡፡ የጀርመንኛ ተናጋሪው ቤተ መንግሥትና የሃንጋሪ መኳንንት ሲስማሙ የቀረውን ሕዝብ የጠየቀው አልነበረም፡፡ የ1910ሩ ቆጠራ እንደሚያሳየው ከ51 ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ ጀርመንኛ ተናጋሪው 12 ሚሊዮን፣ ሃንጋሪው 10 ሚሊዮን ገደማ ነበር፡፡ ሁለቱ ተደምረው ግማሽ አይሞሉም፡፡ ከግማሽ በላይ የሆነው ቼክ፣ ስሎቫክ፣ ፖላንዳዊ፣ ዩክሬናዊ (ያኔ ሩቴኒያዊ ይባል ነበር)፣ ሩማንያዊ፣ ክሮአት፣ ሰርብ፣ ስሎቬንና ጣሊያናዊ ነው፡፡

ስለ ቆጠራው አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፡፡ በኦስትሪያ በኩል ሕዝቡ የተጠየቀው "ብሔረሰብህ ምንድን ነው?" ተብሎ ሳይሆን "በዕለት ተዕለት ኑሮህ የምትናገረው ቋንቋ የትኛው ነው?" ተብሎ ነው፡፡ መልሱም አንድ ብቻ መሆን ነበረበት፡፡ ጠዋት ገበያ ውስጥ ቼክኛ፣ ከሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ጀርመንኛ የሚናገር ሰው አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል፡፡ ይዲሽ ከተፈቀዱት ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ የጋሊሲያ አይሁዳውያን ፖላንድኛ ወይም ጀርመንኛ ተናጋሪ እየተባሉ ተመዘገቡ፡፡ ፖለቲከኞች ግን ይህን የቋንቋ ቁጥር አንስተው "የእኛ ሕዝብ ይህን ያህል ነው" ማለት ጀመሩ፡፡ በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ ሲደርስም የምርጫ ዘመቻ ይመስል በየመንደሩ ቅስቀሳ ይካሄድ ነበር፡፡

ሁለቱ ግማሾች በአያያዛቸው አንድ አልነበሩም፡፡ በኦስትሪያ በኩል የ1867ቱ ሕግ አንቀጽ 19 በግዛቱ ያሉ ሕዝቦች ሁሉ እኩል መሆናቸውንና ቋንቋቸውን የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደነገገ፡፡ ድንጋጌው ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም፤ ሰዎች በዚህ አንቀጽ ፍርድ ቤት ሄደው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት አስከፍተዋል፡፡ በሃንጋሪ በኩል ደግሞ በ1868 የወጣው የብሔረሰቦች ሕግ ለጊዜው ጥሩ የሚባል ነበር፤ ያከበረው ግን አልተገኘም፡፡ በ1907 በወጣው የትምህርት ሕግ የሃንጋሪኛ ትምህርት ግዴታ የስሎቫክና የሩማንያ ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ላይ እንዲጠብቅ ተደረገ፡፡ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ቼርኖቫ በተባለች የስሎቫክ መንደር ሕዝቡ አዲሱ ቤተ ክርስቲያኑ በራሱ ሰው በአንድሬ ህሊንካ እንዲባረክለት ሲጠይቅ ጸጥታ አስከባሪዎች ተኩሰው 15 ሰዎች ገደሉ፡፡

ይህን ልዩነት በአንድ ወረቀት ላይ ማየት ይቻላል፡፡ የግዛቱ የወረቀት ገንዘብ በኦስትሪያ ገጹ ላይ ዋጋው ከጀርመንኛ ሌላ በስምንት ቋንቋ ይጻፍበታል፡፡ ገልበጥ ቢያደርጉት የሃንጋሪው ገጽ ላይ ያለው ሃንጋሪኛ ብቻ ነው፡፡

የባዴኒ አዋጅ

የቋንቋው ጠብ ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ለማሳየት የ1897ቱን ያህል ጥሩ ምሳሌ የለም፡፡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካዚሚር ባዴኒ ከጋሊሲያ የመጡ ፖላንዳዊ መስፍን ነበሩ፡፡ በኤፕሪል ወር ባወጡት አዋጅ በቦሔሚያና በሞራቪያ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ እስከ 1901 ድረስ ቼክኛንም ጀርመንኛንም አውቆ እንዲገኝ አዘዙ፡፡ ላይ ላዩን ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል፡፡ ጉዳዩ ግን የተማረ ቼክ ቀድሞውኑ ጀርመንኛ ያውቃል፤ የቦሔሚያ ጀርመን ግን ቼክኛ ለመማር አስቦም አያውቅ፡፡ ስለዚህ አዋጁ ሥራ ላይ ከዋለ የመንግሥት ወንበር በሙሉ ወደ ቼኮች ሊዞር ነው ተባለ፡፡ ስለ ባህልና ስለ ክብር ብዙ ተጮኸ፤ ከሥሩ የነበረው ግን የደመወዝ ክርክር ነው፡፡

የጀርመን ተወካዮች ፓርላማውን ላለማሠራት ተነሡ፡፡ ኦቶ ለኸር የተባሉ የምክር ቤት አባል በኦክቶበር መጨረሻ ላይ ለ12 ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ተናገሩ፡፡ ፉጨት፣ የጠረጴዛ ድብደባ፣ የቀለም ብልቃጥ ውርወራ የየዕለቱ ትርኢት ሆነ፡፡ በመጨረሻ ፖሊስ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ተወካዮችን ጎትቶ አወጣ፡፡ ያን ጊዜ ቪየና ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን ይህን ሁሉ አይቶ ለአገሩ መጽሔት ጽፎታል፡፡ ባዴኒ ራሳቸው ከሰደባቸው የጀርመን ብሔርተኛ ጋር በሽጉጥ ተታኩሰው ክንዳቸው ላይ ቆሰሉ፤ የአንድ ትልቅ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር! በኖቬምበር መጨረሻ ረብሻው ቪየናና ግራዝ ጎዳናዎች ላይ ሲወጣ ንጉሠ ነገሥቱ አሰናበቷቸው፡፡ በፕራግ ደግሞ ቼኮች በተራቸው የጀርመኖችንና የአይሁዳውያንን ሱቅ ሰባበሩ፡፡ አዋጁ በ1899 ሙሉ በሙሉ ተሻረ፡፡

"ብዙ ብሔረሰብ ስለነበራት ፈረሰች" የሚለው ወገን ታሪኩን እዚህ ላይ ቆርጦ ያቆመዋል፡፡ ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም፡፡

የሞራቪያ መዝገብ

ከባዴኒ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1905፣ የሞራቪያ ቼኮችና ጀርመኖች ተቀምጠው ተስማሙ፡፡ መፍትሔው መሬቱን ከመክፈል ይልቅ መራጩን መመዝገብ ነበር፡፡ መራጩ በቼክ ወይም በጀርመን መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ቼኩ የሚመርጠው ከቼክ ዕጩዎች መካከል ነው፤ ጀርመኑም እንዲሁ፡፡ የየወገኑ መቀመጫ ብዛት አስቀድሞ ስለተወሰነ "ያኛው ሊውጠን ነው" የሚል ቅስቀሳ ትርፍ አያስገኝም፡፡ የትምህርት ቤት አስተዳደሩም ለየብቻ ሆነ፡፡ በምሥራቅ ጫፍ ያለችው ቡኮቪና ደግሞ ከሞራቪያ በበዙ ወገኖች መካከል ተመሳሳይ ስምምነት በ1910 አጸደቀች፡፡

ስምምነቱ ጠቡን አበረደ፤ ዋጋ ግን አስከፍሏል፡፡ አንድ ሰው የግድ በአንዱ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት፡፡ በሞራቪያ ደግሞ "እኔ የዚህ አገር ሰው ነኝ" ከማለት ያለፈ መልስ የሌለው ሕዝብ ብዙ ነበር፡፡ የቼክ ገበሬ ልጁን ለአንድ ዓመት ለጀርመን ቤተሰብ ሰጥቶ የጀርመኑን ልጅ ተቀብሎ ማሳደግ፣ በዚህም ሁለቱም ልጆች ቋንቋ እንዲማሩ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፡፡ አዲሱ ሕግ ግን ልጅ የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ካላወቀ እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ የቼክ ትምህርት ቦርዶች ወደ ጀርመን ትምህርት ቤት የገቡ ልጆችን "የእኛ ናቸው፣ ይመለሱልን" እያሉ ይከሱ ጀመር፡፡ ባለሥልጣናት ቤት ድረስ እየሄዱ ቤተሰቡ በእውነት የየትኛው ወገን እንደሆነ መመርመር ያዙ፡፡ ወላጁ "ልጄን የፈለግሁበት አስተምራለሁ" ቢል እንኳ ሁልጊዜ አይሰማም፡፡ እኔ በዚህ ስምምነት ሁሉ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ይህ ነው፡፡ ሰላሙ የተገኘው በሁለቱ መካከል የሚኖረውን ሰው በማጥፋት ነው፡፡

ያም ሆኖ ሐሳቡ ተራ አልነበረም፡፡ ካርል ረነር የሚባሉ የፓርላማው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የመንግሥት ተቀጣሪ ስለነበሩ በብዕር ስም እየጻፉ፣ ብሔረሰብ እንደ ሃይማኖት የሰው እንጂ የመሬት ንብረት መሆን የለበትም ሲሉ ተከራከሩ፡፡ ሰው የትም ይኑር የት የወገኑን መዝገብ ይዞ ይንቀሳቀስ፤ ትምህርትና ባህል በዚያ ይተዳደር፤ መንገድ፣ ፖሊስና ግብር ደግሞ በአካባቢ ይተዳደር የሚል ነው ሐሳባቸው፡፡ ኦቶ ባወር የሚባሉት የፓርቲ ጓዳቸውም በ1907 በዚሁ ጉዳይ ላይ ወፍራም መጽሐፍ አሳተሙ፡፡

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ይመጣል፡፡ በ1913 መጀመሪያ ላይ አንድ የጆርጂያ ተወላጅ ለጥቂት ሳምንታት ቪየና ሰንብቶ ለባወርና ለረነር መልስ የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጀ፤ የተቀመጠበት ቤት ግድግዳ ላይ ዛሬም የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ፡፡ ሰውየው ስታሊን ነው፡፡ ብሔር ለመባል ቋንቋ፣ ግዛት፣ የኢኮኖሚ ሕይወትና የሥነ ልቦና አንድነት በአንድነት መሟላት አለባቸው፤ ግዛት ከሌለ ብሔር የለም አለ፡፡ የእኛ የተማሪዎች ንቅናቄ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ሲከራከር በእጁ የነበረው ይህ የስታሊን ጽሑፍ ነው፡፡ በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 39 ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብን ሲተረጉም "የሥነ ልቦና" አንድነትንና የተያያዘ መልክዓ ምድርን መጥቀሱን ልብ ይሏል፡፡ የቪየናው ክርክር ሁለት ወገን ነበረው፡፡ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን የአንደኛው ወገን መልስ ነው፤ ረነርንና ባወርን ያወቅናቸው በስታሊን ትችት በኩል ነው ማለት ይቻላል፡፡

ወደ ቪየና ልመለስ፡፡ በ1907 በኦስትሪያ በኩል ለወንዶች ሁሉ የመምረጥ መብት ተሰጠ፡፡ በመጀመሪያው ምርጫ ጎልተው የወጡት ሶሻል ዴሞክራቶችና ክርስቲያን ሶሻሎች ናቸው፤ ከብሔር ጥያቄ በፊት የኪራይና የዳቦ ዋጋን ያስቀደሙ ፓርቲዎች፡፡ በ1912 እስልምና በሕግ እውቅና አገኘ፡፡ በሠራዊቱ ውስጥ የትእዛዝ ቋንቋው ጀርመንኛ ቢሆንም በየክፍለ ጦሩ ከአምስት ወታደር አንዱ የሚናገረው ቋንቋ ሁሉ የክፍለ ጦሩ ቋንቋ ይሆናል፤ መኮንኑም የመማር ግዴታ አለበት፡፡ እርግጥ ነው ነገሩ ሁሉ የተቃና አልነበረም፡፡ የቦሔሚያ ቼኮችና ጀርመኖች ሳይስማሙ ቀርተው የቦሔሚያ ምክር ቤት በ1913 ተዘግቷል፤ የቪየናው ፓርላማም በማርች 1914 በረብሻ ምክንያት እንዲበተን ተደርጓል፡፡ ነገር ግን በ1914 የጸደይ ወራት ግዛቱን ለማፍረስ የጦር መሣሪያ ያነሣ አንድም ትልቅ ፓርቲ በግዛቱ ውስጥ አልነበረም፡፡ ቼኮች የሚጠይቁት እንደ ሃንጋሪዎች ይደረግልን ብለው ነበር፡፡

የጁላይ ምርጫ

ጁን 28 ቀን 1914 ሳራዬቮ ላይ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት አልጋ ወራሹን ፍራንዝ ፈርዲናንድንና ባለቤታቸውን ሶፊን ገደለ፡፡ ቦስኒያን ኦስትሪያ-ሃንጋሪ የያዘችው በ1878 ነው፤ ወደ ግዛቷ በይፋ የቀላቀለችው ደግሞ በ1908፡፡ ግድያው የሚያስቆጣ ነበር፤ ገዳዮቹም መሣሪያቸውን ያገኙት ከሰርቢያ ነው፡፡ ነገር ግን ግድያው ጦርነቱን ግዴታ አላደረገውም፡፡

የጦር ኤታማዦር ሹሙ ኮንራድ ፎን ሆትዘንዶርፍ ሰርቢያን እንውጋ እያሉ ለዓመታት ሲወተውቱ ኖረዋል፡፡ ይህን ሲቃወሙ ከነበሩት ትልልቅ ሰዎች አንዱ ሟቹ አልጋ ወራሽ ራሳቸው ነበሩ፡፡ ከሩሲያ ጋር መዋጋት ሁለቱንም ዘውዶች እንደሚያጠፋ ያምኑ ነበር፡፡ እሳቸው ሲሞቱ ተቃዋሚው ቀነሰ፡፡ የሃንጋሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢሽትቫን ቲሳ በጁላይ መጀመሪያ ላይ ብቻቸውን ተቃወሙ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ተሸነፉ፡፡ ጁላይ 23 ቀን ለሰርቢያ የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ተሰጠ፡፡ ሰርቢያ አብዛኛውን ብትቀበልም በጁላይ 28 ጦርነት ታወጀ፡፡ የ83 ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት አዋጃቸውን "ለሕዝቦቼ" ብለው ጀመሩ፤ አዋጁም በግዛቱ ቋንቋዎች ሁሉ ተተርጉሞ በየግድግዳው ተለጠፈ፡፡

የተፈራው የብሔረሰቦች አመፅ አልመጣም፡፡ ቼኩም፣ ክሮአቱም፣ ስሎቬኑም፣ ዩክሬናዊውም ተጠርቶ ሄደ፡፡ የሚያሳዝነው የመሪዎቹ ብቃት ነው፡፡ ኮንራድ ጦራቸውን በሰርቢያና በሩሲያ መካከል ሲያመላልሱት በሁለቱም ዘንድ ተመቱ፡፡ ሉቭ (የዛሬዋ ልቪቭ) በሴፕቴምበር ወደቀች፡፡ ዓመቱ ሳያልቅ ከሠራዊቱ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋው ሞቷል፣ ቆስሏል፣ ታሟል ወይም ተማርኳል፡፡ የሰላሙ ጊዜ መኮንኖች፣ የወታደሮቻቸውን ቋንቋ የሚያውቁት፣ አለቁ፡፡ በማርች 1915 ፐሸሚሽል የተባለው ምሽግ ሲወድቅ ከመቶ ሺህ በላይ ወታደር ለሩሲያ እጁን ሰጠ፡፡

ከጦር ሜዳው ጀርባ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይከፋል፡፡ መንግሥት ሕዝቡን ማመን ተወ፡፡ ፓርላማው እንደተዘጋ ቀረ፤ አገሪቱ በአስቸኳይ አንቀጽ ትተዳደር ጀመር፡፡ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶች ሲቪሎችን ዳኙ፡፡ በጋሊሲያ "ለሩሲያ ታደላለህ" የተባለ ዩክሬናዊ ገበሬ ያለ በቂ ማስረጃ ይሰቀል ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩት ደግሞ ግራዝ አጠገብ ወደሚገኘው ታለርሆፍ ካምፕ ተግዘው ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ፡፡ የቼኩ ፖለቲከኛ ካሬል ክራማርዥ በአገር ክህደት ሞት ተፈረደባቸው፡፡ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ካርል በ1917 ምሕረት ሲያደርጉላቸው ፕራግ እንደ ጀግና ተቀበለቻቸው፡፡ በ1914 ጠላት ያልነበረው ሰው በ1917 ጠላት ሆኖ ተገኘ፤ ያደረገው ደግሞ የጠረጠረው መንግሥት ነው፡፡

165 ግራም

አሁን ወደ ዱቄቱ ልምጣ፡፡ የኦስትሪያው ግማሽ ራሱን አይቀልብም፤ እህሉ የሚመጣው ከሃንጋሪና ከጋሊሲያ ነው፡፡ ጋሊሲያ የጦር ሜዳ ሆነች፡፡ የእንግሊዝና የአጋሮቿ ከበባ የባሕሩን በር ዘጋ፡፡ ሃንጋሪ ደግሞ የራሷ መንግሥት ያላት በመሆኗ እህሏን ለራሷና ለሠራዊቱ ይዛ ለቪየና የምትሰጠውን ቀነሰች፡፡ የ1867ቱ ስምምነት ቀንበሩ የከበደው በዚህ ጊዜ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከአንዱ ግዛታቸው ወደ ሌላው ግዛታቸው ዱቄት ማስተላለፍ ተሳናቸው!

ቪየና ውስጥ ዳቦ በካርድ መታደል የጀመረው በኤፕሪል 1915 ነው፡፡ ቀጥሎ ስኳር፣ ወተት፣ ቅባት፣ ድንች በየተራቸው ካርድ ገቡ፡፡ ሴቶችና ልጆች ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ሰልፍ ይይዛሉ፤ ንጋት ላይ "አልቋል" ይባላሉ፡፡ ሰልፉ ላይ የሚወራው ማን እህል እንደደበቀ ነው፡፡ ለቪየናው ሰው ሌባው ሃንጋሪው ነው፤ ወይም ቼኩ ገበሬ ነው፤ ወይም ከጋሊሲያ ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣው አይሁዳዊ ስደተኛ ነው፡፡ ለቼኩ ደግሞ እህሉን ጭኖ የሚወስድበት የቪየና ጀርመን ነው፡፡ በእኔ እምነት የብሔር ጥላቻው ከፓርላማ አዳራሽ ወጥቶ በእያንዳንዱ ማጀት የገባው በዚህ ሰልፍ ላይ ነው፡፡ ባዴኒና ለኸር በብዙ ንግግር ያልቻሉትን ባዶ ዳቦ ቤት ቻለው፡፡

በኦክቶበር 1916 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካርል ሽቱርክ ምሳ በመብላት ላይ ሳሉ በሶሻል ዴሞክራቱ ፍሪድሪክ አድለር ተተኩሶባቸው ሞቱ፡፡ በሚቀጥለው ወር ፍራንዝ ዮሴፍ ከ68 ዓመት ንግሥና በኋላ አረፉ፡፡ ካርል ሰላም ፈልገው በድብቅ ወደ ፈረንሳይ መልእክት ላኩ፤ በኤፕሪል 1918 ክሌማንሶ ምስጢሩን ሲያወጣው ከጀርመን እግር ሥር መውደቅ ግድ ሆነባቸው፡፡

በጃንዋሪ 1918 የዱቄት ድርሻ በቀን ከ200 ግራም ወደ 165 ግራም ተቀነሰ፡፡ ቪየነር ኖይሽታት የሚገኙ የዳይምለር ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ አድማው ቪየናን፣ ቡዳፔስትንና ሌሎችንም ከተሞች አዳረሰ፡፡ ከመቶ ሺዎች በላይ ሠራተኛ በቋንቋ ሳይለያይ አንድ ጥያቄ ይዞ ወጣ፤ ዳቦና ሰላም፡፡ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ካታሮ ወደብ የነበሩ መርከበኞች አመፁ፡፡ በኤፕሪል መጨረሻ የቪየና የምግብ ኃላፊ ከሩማንያ ተጭኖ ወደ ጀርመን በዳኑብ ወንዝ የሚያልፈውን የአጋራቸውን እህል በኃይል አስቁመው ወረሱት፡፡ የወዳጁን እህል የሚቀማ መንግሥት ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው መገመት አያዳግትም፡፡

የውጭዎቹም ቢሆኑ ግዛቱን ለማፍረስ የወሰኑት ዘግይተው ነው፡፡ የፕሬዚዳንት ዊልሰን 14 ነጥቦች በጃንዋሪ 1918 ሲወጡ አሥረኛው ነጥብ ለግዛቱ ሕዝቦች የጠየቀው ራስን በራስ የማስተዳደር ዕድል እንጂ ነፃ መንግሥት አይደለም፡፡ አሜሪካ የቼኮስሎቫክን ምክር ቤት ያወቀችው በሴፕቴምበር ነው፡፡ ኦክቶበር 16 ካርል ኦስትሪያን ፌዴሬሽን የሚያደርግ አዋጅ አወጡ፤ ሃንጋሪን ግን አልነኩም፡፡ ያ አዋጅ በ1905 ቢወጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የሚለውን እያንዳንዱ አንባቢ ለራሱ ይመልስ፡፡

ኦክቶበር 28 ቀን ጠዋት ፕራግ ላይ የቼክ ብሔራዊ ኮሚቴ ሰዎች መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቤተ መንግሥቱም፣ ወደ ጦር ሰፈሩም አይደለም፡፡ የሄዱት ወደ እህል መሥሪያ ቤቱ ነው፡፡ አንቶኒን ሽቬህላና አንድ ጓዳቸው ገብተው ሠራተኛውን ለአዲሱ መንግሥት ታማኝ እንዲሆን አስደረጉት፤ ዓላማቸውም እህል ወደ ጦር ግንባሩ እንዳይጫን ማድረግ ነበር፡፡ ደም ሳይፈስ ቀኑ መሸ፡፡ በማግሥቱ ዛግሬብ ተከተለች፤ ኦክቶበር 31 ቡዳፔስት ላይ አብዮት ሆነ፣ ቲሳም ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ፡፡ ኖቬምበር 1 ቀን ሉቭ ውስጥ ፖላንዳውያንና ዩክሬናውያን መታኮስ ጀመሩ፡፡ ኖቬምበር 11 ካርል ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አወጡ፡፡

የወረሱት

ከፍርስራሹ ላይ የቆሙት አገሮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የአንድ ብሔር መንግሥት ብለው ጠሩ፡፡ ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ ግን ሦስት ሚሊዮን የሚበልጡ ጀርመኖች ነበሩ፤ ከስሎቫኮች ይበዛሉ፡፡ በፖላንድ ከሦስት ሰው አንዱ ፖላንዳዊ አልነበረም፡፡ ሃንጋሪ በጁን 1920 በትሪያኖን ውል ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛውን አጣች፤ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሃንጋሪዎችም ከድንበር ውጭ ቀሩ፡፡ የቪየናው አንቀጽ 19 ይሰጥ የነበረውን ያህል ከለላ እነዚህ አናሳዎች በአዲሶቹ አገሮች ሁሉ አላገኙም፡፡

የወረቀት ገንዘቡ ወዲያው አልተለወጠም፡፡ በ1919 ዩጎዝላቪያ፣ ቼኮስሎቫኪያና ኦስትሪያ በየተራ የአሮጌውን ክሮን ኖት ሰብስበው የየራሳቸውን ማኅተም እየመቱበት መልሰው ለገበያ ለቀቁት፡፡ ሕጎቹም እንዲሁ ለረጅም ጊዜ አሮጌዎቹ ነበሩ፡፡ ፕራግ በሠራተኞች የአደጋ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ፍራንዝ ካፍካ አለቆቹ በቼኮች ሲተኩ እሱ ሥራው ላይ ቆየ፤ ምክንያቱም ጀርመንኛ ጸሐፊው ሰው ቼክኛም ጥሩ አድርጎ ያውቅ ነበር፡፡ ባዴኒ በ1897 የጠየቁት ይህንኑ ነበር፡፡

ያ ብሔረሰብ የሰው እንጂ የመሬት አይሁን ያሉት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ካርል ረነር፣ በኖቬምበር 1918 የትንሿ ኦስትሪያ ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ርእሰ መንግሥት ሆኑ፡፡ በሴፕቴምበር 1919 ሴንት ዠርማን ሄደው የአሮጌውን አገር መከፋፈል የሚያጸድቀውን ውል የፈረሙት እሳቸው ናቸው፡፡ በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲጠቀልል "አዎ ብዬ ድምፅ እሰጣለሁ" ሲሉ በይፋ ተናገሩ፡፡ በኤፕሪል 1945 የሶቪየት ጦር ሲገባ ስታሊን የዚያን የ1913 ተከራካሪውን አስታወሰ፤ ረነርም እንደገና የመንግሥት መሪ፣ ከዚያም ፕሬዚዳንት ሆነው ዲሴምበር 31 ቀን 1950 በሥልጣን ላይ እንዳሉ አረፉ፡፡